ወይዘሮ ለምንና የማክሰኞ ውሃ

ሰብሳቢ ሆና የተመረጠችው ክፍሉ ውስጥ ሳትኖር ነው። የጠበቆች ማኅበሩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ አሥራ አንድ ሰዎች ተቀምጠናል። ሁላችንም የፋብሪካ ነገረ ፈጆች ነን፤ ጠበቃ ብንሆንም ቢሮ ከፍተን ደንበኛ አንጠብቅም፣ እያንዳንዳችን የአንድ ድርጅት ተቀጣሪ ነን። በየድርጅታችን ከጭስ፣ ከፍሳሽና ከቆሻሻ ጋር የተያያዘው የሕግ ጉዳይ እኛ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። ኮሚቴው የተቋቋመውም እንዲህ ያለ ሥራ የያዝን ሰዎች እንድንመካከር ተብሎ ነው። የቀድሞው ሰብሳቢ ጡረታ ወጥቶ ቦታው ክፍት ነበር፤ የፈለገው ሰው ግን አልተገኘም። እሷ ደግሞ የኮሪደሩ መስኮት ለምን ሁልጊዜ እንደሚንኳኳ ለማየት ወጣ ብላለች። ስትመለስ ሁላችንም እጃችንን አውጥተን፣ ተቆጥረን፣ አውርደናል። ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ተመረጠች» ብዬ ጽፌ አሳየኋት።

«ሙሉ አይደለም፤ እኔ አልነበርኩም» ብላ አሳረመችኝና ቦታዋ ተቀመጠች። እምቢ ትላለች ብለን ስንጠብቅ፣ ይህ ኮሚቴ እስከ ዛሬ ምን ሠርቶ እንደሚያውቅ ጠየቀችን።

የምትሠራው ጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ስለቆየች ሠራተኛው «ወይዘሮ ለምን» የሚል ስም አውጥቶላታል። ስሙ የመጣው ከመጋዘን ነው ይባላል። አንድ ቀን የመጋዘን ኃላፊውን ውል ልታስፈርመው ሄዳ፣ የአንዳንዱ በርሜል ክዳን ቢጫ የሌላው ደግሞ አረንጓዴ የሆነበትን ምክንያት ስትጠይቀው አንድ ሰዓት ሙሉ አቁማዋለች። ቅጽል ስሙ ጆሮዋ ሲደርስ አልተቆጣችም። ማን እንዳወጣው ግን ሳታጣራ አልቀረችም።

አባቷ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ትምህርት በሌለ ቀን እሷን አስከትለው ቤት ለቤት ይዞራሉ። እሳቸው አጥር ሥር ተንበርክከው የቆጣሪውን ክዳን ሲከፍቱ እሷ ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነባለች፤ እሳቸው ይጽፋሉ። አንዳንዴ ቤቱ ውስጥ ሰው ሳይኖር ቆጣሪው ሲዞር ያገኙታል። ያን ጊዜ አባቷ መዝገባቸውን ያጥፉና «ይኼ ውሃ የሚሄድበት አለው» ብለው ግቢውን ይዞራሉ፤ የሚያፈሰውን ቧንቧ ሳያገኙም አይሄዱም። ማንም አላዘዛቸውም፤ የሥራ ድርሻቸውም አልነበረም። ሕግ ለምን እንደተማረች አንድ ጊዜ ስጠይቃት ስለ ፍትሕ የምትነግረኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። «ሰው ቤት ገብቶ ለመጠየቅ ፈቃድ የሚሰጥ ሥራ ፈልጌ ነው» አለችኝ።

የእኛ ሥራ አፍ የሚያስይዝ ሥራ ነው። የድርጅትህን ገመና ታውቃለህ፤ የማውራት መብት ግን የለህም። ስለዚህ ስብሰባችን ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። አዲስ የወጣ መመሪያ ይነበባል፣ ሻይ ይመጣል፣ ሰዓት ይታያል፣ እንበተናለን። ከመካከላችን የባትሪ ፋብሪካው ነገረ ፈጅ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ከሰላምታ በቀር አንድ ቃል ሲወጣቸው አልሰማንም። ከጀርባቸው «ሊቀ ዝምታ» እንላቸዋለን። እውነቱን ለመናገር ግን ሁላችንም የእሳቸው ደቀ መዛሙርት ነበርን።

ወይዘሮ ለምን የመጀመሪያውን ስብሰባዋን የከፈተችው በጥያቄ ነው። የራሱን ፋብሪካ ፍሳሽ ማጣሪያ በዓይኑ ያየ ማን አለ? ሁለት እጅ ወጣ። አንዱ ያየው ሲመረቅ፣ ሪባን ሲቆረጥ ነው። እኔ የሳሙና ፋብሪካ ነገረ ፈጅ ነኝ፤ ስለ ማጣሪያችን ብቃት ለመንግሥት መሥሪያ ቤት አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ በየትኛው በር እንደሚገባ ግን አላውቅም ነበር። ይህን ስናገር ሰው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ፊቴ ጋለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየፋብሪካው እየዞርን እንድንሰበሰብ ሐሳብ አቀረበች። ደንቡን ራሷ አረቀቀችው። የድርጅቱ ኃላፊ በጽሑፍ ይፈቅዳል፤ እንግዶቹ ያዩትን ይዘው አይወጡም፤ በቃለ ጉባኤ የሚሰፍረው ቀንና ሰዓት ብቻ ነው። ማን ይጀምር ሲባል፣ «ቤቱን የሚከፍተው የጠራው ነው» ብላ የራሷን ፋብሪካ አስመዘገበች። ሥራ አስኪያጇ ቶሎ ፈቀዱላት፤ አዲሱን ማጣሪያ ለሰው ማሳየት የሚወዱ ሰው ነበሩ።

ማጣሪያው ከማቅለሚያው ሕንፃ ጀርባ፣ ሦስት ትልልቅ ገንዳዎች በደረጃ የተያያዙበት ቦታ ነው። ኦፕሬተሩ፣ የጎማ ቦት ጫማ ያደረገ ረጋ ያለ ሰው፣ ከገንዳ ወደ ገንዳ ይዞን ሄደ። የመጀመሪያው እንደ ቀለም ብልቃጥ የጠቆረ ነው፤ ሁለተኛው አረፋ ይደፍቃል፤ ሦስተኛው ውስጥ ኦፕሬተሩ በራሱ ፈቃድ ያስገባቸው ትንንሽ ዓሣዎች ይዋኛሉ። ዓሣ ከሞተ፣ አለን፣ ከመሣሪያው በፊት እኔ አውቃለሁ። አሥራ ሁለት ነገረ ፈጆች፣ ክራቫት ያሰርነው በአንድ እጅ ይዘነው፣ ገንዳው ላይ አጎነበስን። የማያባራ ጥያቄ መጠየቅ ጀመርን። ሊቀ ዝምታ እንኳ ዓሣዎቹን በጣታቸው ሲቆጥሩ አየሁ።

ስንመለስ እኔ አንዲት ቱቦ አየሁ። ከማቅለሚያው ሕንፃ ግድግዳ ላይ የክንድ ውፍረት ያላት አሮጌ የብረት ቱቦ ወርዳ፣ ሲሚንቶ ክዳን ሥር ገብታ ትጠፋለች። ፊቷን ወደ ማጣሪያው አላዞረችም፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የምትሄደው።

«ይቺስ ወዴት ነው የምትሄደው?» አልኩ።

«እኔ ስቀጠርም ነበረች» አለ ኦፕሬተሩ። የዝናብ መውረጃ መስላው ነበር።

ወይዘሮ ለምን ጎንበስ ብላ መዳፏን ቱቦዋ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ዝናብ ከጣለ ሳምንት አልፎታል፤ ግድግዳውም ፀሐይ አይደርስበትም።

«ትሞቃለች» አለች ቀስ ብላ።

ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። አስተናጋጅነቷን ትታ ነገረ ፈጅ ሆነች። ጉብኝቱ እዚህ ላይ እንደሚያበቃ ነገረችን፤ ለመጣንበትም አመስግና እስከ በሩ ሸኘችን። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ እንኳ እጄ ቁልፉ ላይ እንደቀረ ትዝ ይለኛል። ሰው ቤቱን ከፍቶ ቢያስገባኝ፣ እኔ የአልጋውን ሥር ያየሁበት መሰለኝ። የሚቀጥለውን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ከሥራ አስኪያጇ በጽሑፍ ፈቃድ ካገኘች በኋላ ራሷ ነግራናለች።

በማግሥቱ የፋብሪካውን የግንባታ ንድፍ አውጥታ ወለሉ ላይ ዘረጋችው። ቱቦዋ የለችም። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብታ ወዴት እንደምትሄድ የማይታወቅ ቱቦ እንዳለችና ልታጣራ እንደሆነ ነገረቻቸው። እሳቸው ስልክ ላይ ስለነበሩ በእጃቸው «አጣሪ» ብለው አሰናበቷት። ዘዴውን ያመጣው ኦፕሬተሩ ነው። ከሠራተኛው መዝናኛ ክፍል አሥር የጠረጴዛ ቴኒስ ኳሶች አመጣ፤ እሷ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር ጻፈች፤ የሲሚንቶውን ክዳን አንስተው ጨመሯቸውና ሁለት ባልዲ ንጹሕ ውሃ አስከተሉባቸው። መንገድ ዳር ያለው የከተማው ፍሳሽ ጉድጓድ ጋ ቆመው ጠበቁ። አንድም ኳስ አልመጣም።

ሦስት ቀን ቆይቶ ቅዳሜ ጠዋት ከፋብሪካው በታች ያለውን ቦይ ተከትላ ወረደች። ባሏ አብሯት ወጣ። መነጽር ሠሪ ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሰው ሚስቱን ይዞ ለሽርሽር ሲወጣ እሱ ቱቦ ፍለጋ መውጣቱን መንገዱን ሙሉ ሲያነሳ ነበር፤ ይሁን እንጂ ቦዩ ውስጥ አርቆ የሚያየው እሱ ነው። ያገኙትን ሰው ሁሉ ነጭ ኳስ አይቶ እንደሆነ ይጠይቃሉ። አንድ መኪና አጣቢ ቡድናችሁ ስንት ለስንት ወጣ ብሎ ቀለደባቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቦዩ ታጥፎ አንድ ችግኝ ማፍያ አጥር ሥር ገባ። እዚያ በፕላስቲክ ከረጢት የተደረደሩ ችግኞች መካከል አንዲት አሮጊት አረም እየነቀሉ ነበር።

«እማማ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ እዚህ አካባቢ አይተዋል?» አለቻቸው።

ሴትዮዋ እጃቸውን ጠርገው ወደ ቆርቆሮ ቤታቸው ገቡና በጣሳ አራት ኳስ ይዘው ወጡ። «ቁጥር የጻፋችሁባቸው ለምንድን ነው? እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ሳስብበት ሰነበትኩ» አሉ።

ባሏ እንደሚለው ሁለቱ ሴቶች በዚያች ቅጽበት ተዋወቁ። ሴትዮዋ ወደ ቤቱ አስገቧት። መደርደሪያው ላይ ውሃ የሞላባቸው ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። ከቦዩ ነው የሚቀዱት፤ ዓመት ሊሞላቸው ነው። አብዛኛው ጥርት ያለ ነው፤ በየስድስት ጠርሙሱ መካከል ያለው ግን ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው። ያ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ውሃ የጠጡት ችግኞች ቅጠላቸው ከዳር ይጠቀለላል። ማክሰኞ ማክሰኞ ምን እንደሚመጣ ለማወቅ የቀበጡ ልጆችን ጠርጥረዋል፣ ቦዩን ጠርጥረዋል፣ የገዛ ዓይናቸውንም ጠርጥረዋል። አንዱን ጠርሙስ አንስተው ወደ እሷ ዘረጉት።

ወይዘሮ ለምን እጇን አልዘረጋችም። ያን ሰማያዊ ውሃ አንስታ በብርሃን ለማየት እንዴት እንደጓጓች ስትነግረን ጣቶቿ ይንቀሳቀሱ ነበር።

«እማማ፣ ከዚህ በላይ ሳይነግሩኝ አንድ ነገር ይወቁ» አለች። «እኔ ከላይ ያለው የማቅለሚያ ፋብሪካ ነገረ ፈጅ ነኝ። የምቆመው ለፋብሪካው ነው፤ ለእርስዎ አይደለም። ያየሁትን ለቀጣሪዬ እናገራለሁ። ጠርሙሱን ለእኔ አይስጡኝ፤ የራስዎን ጠበቃ ያማክሩ።»

ሴትዮዋ ጠርሙሱን ሳያስቀምጡ ጠየቋት። «ታዲያ ለምን ነገርሽኝ ልጄ? ዝም ብትዪ ሁሉንም እነግርሽ ነበር።»

«ማንነቴን ሳያውቁ ቢነግሩኝ እንደ መስረቅ ስለሚሆንብኝ ነው።»

ሴትዮዋ ጠርሙሱን ወደ ቦታው መለሱ። ኳሶቹን ግን አስረከቧት፤ በቁጥር ቅደም ተከተል አድርገው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባሏ ከሥራ የሚያባርሯት ይመስላት እንደሆነ ጠየቃት። እሷ ያን ጉዳይ ገና አላሰበችበትም። የምታስበው ለምን ማክሰኞ እንደሆነ ነበር።

ይህን ሰኞ ጠዋት አገኘችው። ማቅለሚያው ክፍል ጥግ ላይ አዲስ ቀለም በትንሽ ጨርቅ የሚሞከርበት ጠባብ ክፍል አለ፤ የሙከራ ቀን ማክሰኞ ነው፤ እኛ የጎበኘነውም ማክሰኞ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት ክፍሉን የሠራው ግንበኛ የመታጠቢያ ገንዳውን በአቅራቢያው ባገኛት ቱቦ ላይ ቀጥሎት ሄዷል። ክፋት የለበትም። የጠየቀ ሰውም የለም። እሷን ያበሳጫት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለዚያ ክፍል ሃያ ዓመት ሙሉ የዕቃ ግዥ ውል ስትጽፍለት ኖራለች።

ሥራ አስኪያጁ በጥሞና ሰሟት። ክፍሉ ዛሬውኑ እንዲቆለፍ ስትጠይቃቸው አላቅማሙም። ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በራሳችን ፈቃድ እናሳውቅ ስትላቸው ግን ወንበራቸው ላይ ተነቃነቁ።

«እንድፈናትና ይብቃ። እንግዳ ሰብስበሽ ገመናችንን አሳየሽ፤ አሁን ደግሞ ደብዳቤ ጻፉ ትይናለሽ። አንቺ የማን ጠበቃ ነሽ?»

«የፋብሪካው ነኝ፤ የእርስዎ አይደለሁም» አለቻቸው። «ብዙውን ጊዜ ሁለቱ አንድ ናቸው። ዛሬ ግን ልለያቸው ግድ ሆነብኝ።»

ይህን ብላ ሳይፈቀድላት ተቀመጠች። ደፍነን ዝም ካልን፣ አለቻቸው፣ የአንድ ግንበኛ ስሕተት ከዛሬ ጀምሮ የእኛ ውሸት ይሆናል። እስከ ሐሙስ ካልወሰኑ ጉዳዩን ለቦርዱ እንደምታቀርብ፣ ይህም በመተዳደሪያ ደንቡ የተሰጣት ሥልጣን እንደሆነ ገለጸችላቸው። ከጀርባቸው የሠራች እንዳይመስል አስቀድማ መናገሯ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ለማንም ሳይናገሩ ወደ ችግኝ ማፍያው ወረዱ። ይህን ያወቅነው አሮጊቷ በኋላ ከያዙት ጠበቃ ነው። ሰውየው መደርደሪያው ፊት ቆመው፣ ጠርሙሶቹን ሳይነኩ፣ ከአንደኛው ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ቀን በቀን አነበቧቸው። አሮጊቷም እሳቸውስ የማን እንደሆኑ ጠየቋቸው። ሐሙስ ጠዋት ደብዳቤው ተፈርሞ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር።

መርማሪዎች መጡ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የችግኝ ማፍያውን አፈር የማስለወጥ ትእዛዝ ሰጡ። የሙከራው ክፍል ውሃ ወደ ማጣሪያው እንዲሄድ ተደረገ። አሮጊቷ በጠበቃቸው በኩል ተስማምተው ማፍያውን ወደ ላይኛው አጥር አዛወሩት። ሥራ አስኪያጁ ለሁለት ወር በማስታወሻ እንጂ በአፍ አላናገሯትም። በሦስተኛው ወር ግን የአዲሱን መጋዘን ንድፍ ጠቅልለው ይዘው ቢሮዋ መጡና «ይህን ደግሞ እዪልኝ፤ የሌለ ነገር ካለ» አሏት። ንግግራቸው ግራ ቢሆንም ገብቷታል።

ኮሚቴው እንደ ቀድሞው አልሆነም። ሁለት ድርጅቶች ነገረ ፈጆቻቸውን አስወጡ፤ እንዲህ ያለ ጉብኝት አንፈልግም አሉ። የቀረነው አሥር ነን። በሦስተኛው ፎቅ ተሰብስበን ታሪኩን ከአፏ ስንሰማ ብዙዎቻችን ወለል ወለሉን እናይ ነበር። እኔ በዚያ ሳምንት የራሳችንን ማጣሪያ በር ፈልጌ አግኝቼዋለሁ፤ ከልብስ መቀየሪያው አጠገብ ነው። ጨርሳ ተቀመጠች። በዚህ መካከል አንድ ያልለመድነው ድምፅ ሰማን። ሊቀ ዝምታ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነበር።

«አንድ ድርጅት አለ» አሉ። ድምፃቸው ሰላም ሲሉን ከምናውቀው ይቀጥናል።

ድርጅቱ ግቢ ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ መጋዘን ጀርባ፣ ነገረ ፈጁ ከመቀጠሩ በፊት የተቀበሩ በርሜሎች አሉ ይባላል። ነገረ ፈጁ ይህን ከጥበቃ ሠራተኛ ከሰማ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ከጠየቀ ማወቅ ይመጣል፤ ካወቀ ደግሞ ዝም ማለት አይችልም። ስለዚህ አልጠየቀም። በዚያ መጋዘን በኩል እንዳያልፍ ብሎ ወደ ቢሮው የሚገባው በሌላ በር ነው። ይህን ሁሉ የተናገሩት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አጣምረው ነው። የትኛው ድርጅት እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ወይዘሮ ለምን አልመከረቻቸውም፣ አልወቀሰቻቸውምም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «ያ ነገረ ፈጅ በርሜሎቹ ስንት እንደሆኑ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ከዚያ ቢጀምርስ?»

በሚቀጥለው ወር ሊቀ ዝምታ ዘግይተው ገቡ። ኮታቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ሳይቀመጡ «ሠላሳ አንድ» አሉ። ለሁላችንም ገባን። ሰው ሁሉ ወንበሩን ጠጋ አደረገ፤ ያን ቀን ሻይ እንኳ ሳይመጣ ስለ በርሜል አወጣጥ፣ ስለ ማሳወቅ ግዴታና አለቃን እንዴት እንደሚያናግሩ ስንመካከር አመሸን። ከዚያ በኋላ «አንድ ድርጅት አለ» የኮሚቴያችን መክፈቻ ሆነ። በስድስት ዓመት ውስጥ ስንት «አንድ ድርጅት» እንደሰማሁ አላውቅም፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ቀንና ሰዓት ብቻ ነው ያለው።

ሁለት የሥራ ዘመን ጨርሳ ቦታውን ለሲሚንቶ ፋብሪካዋ ነገረ ፈጅ አስረክባለች። አሁን ተራ አባል ናት፤ ብዙ ጊዜ የምትቀመጠውም ከኋላ ነው። ባለፈው ወር የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ጎብኝተን ስንጨርስ አዲሷ ሰብሳቢ አውቶቡሱ በር ላይ ቆማ ቆጠረችን፤ አንድ ሰው ጎደለ። ልጠራት ተመልሼ ገባሁ። ጠርሙስ ማጠቢያው ማሽን ጋ ከአንድ ሠራተኛ ጋር ቆማ ከአሮጌ ጠርሙስ ላይ የሚላጠው ወረቀት በምን ሙጫ እንደተለጠፈና ከተላጠ በኋላ የት እንደሚገባ ትጠይቃለች። ሠራተኛው ጭንቅላቱን አከከ፤ እሱም ጠይቆ እንደማያውቅ ነገራት። ከዚያ ጓንቱን አውልቆ፣ በማሽኑ ጀርባ በኩል ይዟት ሄደ። እኔም ተከተልኳቸው። ከውጭ ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ፤ ትንሽ ጠብቆ ሞተሩን አጠፋው።